የግራ እጅ ሂና

ካርቱም ውስጥ ስዕል ማስተማር እንደጀመርኩ መጀመሪያ የከለከልኩት ፀሐይን ነው። ለልጆቹ ወረቀት በሰጠኋቸው ቁጥር ያችኑ ሁለት መስኮት ያላትን ቤት ይሠሩና ከላይ በቀኝ ጥግ ሩብ ፀሐይ ይለጥፉባታል፤ ጨረሯ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ። «ይቺን ፀሐይ የት ነው ያያችኋት?» እላቸዋለሁ። «ውጡና አይታችሁ ኑ።» ወጥተው ዓይናቸውን እያሹ ይመለሳሉ። የካርቱም ፀሐይ ጥግ ይዛ አታውቅም፤ አናት ላይ ነው የምትቀመጠው። ከዚያ ወዲያ በእኔ ክፍል የጥግ ፀሐይ የሳለ ልጅ ሌላ ወረቀት አያገኝም ነበር።

ቁጡ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፣ ዕድሜ አላበረደልኝም። ልጆቹ ግን ቶሎ ነቁብኝ፤ የምጮኸው ስዕሉን ስወደው መሆኑን ደረሱበት። የሚፈሩኝ ዝም ስል ነው።

ትምህርት ቤቱ ጀብራ በሚሉት የካርቱም ሰፈር ያለ የኪራይ ግቢ ነበር። ያቋቋምነው በፖለቲካው ሰበብ አገር ለቀን የወጣን ሰዎች ነን፤ ልጆቻችን አማርኛ ሳይረሱ እንዲያድጉ ብለን። እየቆየ ግን ክፍሎቹን የሞሉት ከወሎ የመጡ ሴቶች ልጆች ሆኑ፤ እናቶቻቸው ኦምዱርማንና ካፉሪ በየሰው ቤት የሚሠሩ። እኔ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ጀምሬ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። ርዕሰ መምህሩ ሲቀጥረኝ «እንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ልጆቹን ታዝናኛቸዋለሽ» ቢለኝ ቀኑን ሙሉ ኩርፊያዬ አልለቀቀኝም። ለእሱ ትምህርት ማለት ሒሳብ ነው፤ ስዕልና ንድፍ ልጆቹ ሒሳብ ሲሰለቻቸው የሚተነፍሱበት ነው። ደግ ሰው ነበር። ግን ሸሚዙን ከሱሪው ጋር ማስማማት ያቃተው ሰው ስለ ንድፍ ምን ያውቃል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ቀለም አልነበረንም። ብሩሽም እንደዚሁ። ወረቀቱን አንድ ወላጅ ከሚሠራበት ቢሮ ያመጣልናል፣ አንድ ፊቱ የተጻፈበት፤ እኛ በጀርባው እንስላለን። ከሰል ከሻይ ሻጯ እንለምናለን። ቢጫችን እርድ ነው፣ ቀያችን ከርከዴ የሚሉት የአበባ ሻይ። ከርከዴ ወረቀት ላይ ሲቀባ እንደ ሮማን ያምርና ሲደርቅ ይጠቁራል። «ኡስታዛ፣ ስዕሌ ታመመ» ይሉኛል ልጆቹ። ኡስታዛ በዓረብኛ መምህርት ማለት ነው፤ በአማርኛ ጥሩኝ ብዬ ብዬ ተውኩት። ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብሩሽ ይሁነን ብለን ጫፏን አኝከን ያለሰለስናትን የተምር ዝንጣፊ ቀለም ነክረን ወረቀቱ ዘንድ ሳናደርሳት ትደርቃለች። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል የመጣ ቀን ደግሞ የክፍሉ ስዕል ሁሉ፣ የጎበዙም የሰነፉም፣ አንድ ቀለም ይሆናል።

አንድ ቀን ከአገር ቤት የመጣ የስዕል መማሪያ መጽሐፍ ይዤ «ተራራ ሳሉ» አልኳቸው። ዞር ዞር እያልኩ ባይ ሁሉም የሳለው የአሸዋ ቁልል ነው፤ ለግንባታ መንገድ ዳር የሚደፋውን። አንዱማ ከጎኑ አካፋ አቁሞበታል። በተራራ ተከብቤ ላደግሁት ለእኔ ሳቁም ብሽቀቱም ተቀላቀለብኝ። ካርቱም ለጥ ያለ አገር ነው። እዚያው ተወልደው ወይም በእናታቸው ጀርባ መጥተው ተራራ ከየት ያምጡ? ያላዩትን ሳሉ ማለት ውሸት ማስተማር ሆኖ ታየኝ። መጽሐፉን ዘጋሁትና ዓይናቸው ስር ያለውን እንዲስሉ ማድረግ ጀመርኩ፤ ዚር የሚሉትን የውሃ እንስራ፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የገዛ ጫማቸውን።

የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ተመልከቱ» እላለሁ። ሲበቃቸው በፎጣ እሸፍነዋለሁ። የሚስሉት ከተሸፈነ በኋላ ነው፤ እያዩ መገልበጥ ክልክል ነው። «ዓይናችሁ ይዞ የሄደውን እጃችሁ ይመልሰው» እላቸዋለሁ። አብዛኞቹ ግን ፎጣው ገና ሳይወርድ እርሳሳቸውን አሹለው ይጠብቃሉ። ዓይናቸው ምንም ይዞ አልሄደም፤ እጃቸው ብቻ ቸኩሏል።

የማትቸኩለው አንዲት ልጅ ነበረች። ሦስተኛ ክፍል፣ ቀጭን፣ አንገቷን ሰበር የምታደርግ። ዕቃው ከተሸፈነ በኋላ ፎጣውን ራሱን ቁጭ ብላ ታየዋለች፣ በጨርቁ ውስጥ የሚታያት ይመስል። ሌሎቹ ሲጨርሱ እሷ ትጀምራለች። ለሌላው ልጅ ትዕግስት የለኝም፤ እሷ ስትጀምር ግን ከኋላዋ ሄጄ እቆማለሁ። መስመሯ አይንቀጠቀጥም። የበሩን ማጠፊያ ስትስል ዝገቱ ሳይቀር ይታይ ነበር፤ ከሰሉን በጣቷ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ነው የሠራችው፤ ማንም አላሳያትም። አማርኛዋ ግን ደካማ ነው። ሦስት ቃል በአማርኛ ትልና ቀሪውን በዓረብኛ ትሞላዋለች፤ እሱም ካልሞላላት ትስልልኛለች። እወዳት ነበር። መምህር አያዳላም ይባላል። ይባላል እንጂ!

እናቷ ካፉሪ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ እያደረች ትሠራለች። ልጅቷ ሳምንቱን ጀብራ፣ ከእናቷ የአገር ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ትከርምና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ወደ እናቷ ትሄዳለች። አርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ አብረው ይውላሉ። ይህንን የፈቀዱላቸው የቤቱ እመቤት ናቸው። ሐጃ ነው የሚሏቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ልጅ ያላትን ሠራተኛ የሚቀበል ቤት ካርቱም ውስጥ ብርቅ ነው፤ እናቲቱም ይህን ስለምታውቅ በዚያ ቤት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታስልም። ያ ቤት ከሌለ ትምህርት ቤት የለም። ልጅቷ ወይ ወደ ወሎ ትላካለች፣ ወይ እናቷ ልጅ የማያስገባ ሌላ ቤት ገብታ እሷ በሰው እጅ ትቀራለች።

በዚያ ሰሞን የማስተምራቸው ንድፍ ነበር። «ንድፍ ማለት ቦታውን መጠየቅ ነው» እላቸዋለሁ። ሳህን ክብ ስለሆነ ንድፉ ይዞራል። መቀነት ረጅም ስለሆነ ንድፉ ይጓዛል። ቦታውን ሳይጠይቅ የሚስል ሰው እንግዳ ቤት ገብቶ ሳይጋበዝ አልጋ ላይ እንደሚወጣ ሰው ነው ስላቸው በጣም ሳቁ፤ ለብዙ ቀን አንዱ የሌላውን ስዕል እያየ «ይሄ አልጋ ላይ ወጥቷል» ይባባሉ ነበር። ሐሙስ ዕለት የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። «ወረቀት ያልሆነ፣ ጠፍጣፋም ያልሆነ ነገር ፈልጋችሁ አስጊጡ። ንድፉን ከሰው ብትወስዱ ምንም አይደል፤ ግን አንድ ነገር የራሳችሁ ይኑርበት።»

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ሱቅ መሰለ። አንዱ ሐብሐብ ተሸክሞ መጥቷል፤ ልጣጩን በቢላ ጫፍ ፍቆ ዓሣ በዓሣ አድርጎታል። አንዷ የታላቅ ወንድሟን ኳስ። አንዱ የአባቱን ነጭ ቆብ በከሰል አስጊጦ ተገርፎበት ነው የመጣው፤ ኩራቱ ግን አልቀነሰም። ሐብሐቡን ቆርሰን በላነው። ያቺ ልጅ አልመጣችም። ምን ይዛ ትመጣ ይሆን ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስጠብቅ ስለነበር ቅር አለኝ፤ ጉንፋን ይዟት ይሆናል አልኩ።

እኩለ ቀን ላይ የጠዋት ፈረቃ ልጆች ሲለቀቁ እናቷ በሩ ጋ ቆማ አየኋት። ልጅቷን በቀኝ እጇ ይዛለች። ግራ እጇን በሻርፗ ጠቅልላዋለች።

«አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት መምህርት» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ? ተቃጠልሽ እንዴ?»

ጨርቁን ገለጠችው። ጥቁር ሂና ነበር። ከመሃል ጣቷ ጫፍ የተነሳች ሐረግ የእጇን ጀርባ አቋርጣ እጅጌዋ ውስጥ ትገባለች። ቅጠሎቹ አጥንቱ ጎላ ባለበት ይሰፋሉ፣ የደም ሥሩ በሚታይበት ይቀጥናሉ። ያቺ ልጅ እጁን ጠይቃ ነው የሳለችው። ማን እንደሠራው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ተመልከቺ እስቲ!» ብዬ ጮህኩ። «እዚህ ጋ ቅጠሏን እንዴት አድርጋ እንዳጠፈቻት ተመልከቺ!» እጇን ይዤ ወደ ብርሃን እየጎተትኳት ነበር።

«አንቺ ታደንቂያለሽ፣ እኔ ከቤት ልወጣ ነው» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋት። ቀስ እያለች ነገረችኝ። የሐጃዋ የመጨረሻ ልጅ ባለፈው ሳምንት ተድራለች። ለሠርጉ ሐናና፣ ሂና የምትስል ሴት ማለት ነው፣ ቤት ድረስ መጥታ ሙሽራዋን ስታስጌጥ ልጅቷ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ስታይ ዋለች። ሐናናዋ ትንሽ ሂና የቀረበትን ቱቦ ስትጥለው ልጅቷ አነሳችው። ትናንት አርብ ከሰዓት ሐጃዋ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ፣ እናቲቱ ድካሟን ልታሳርፍ ምንጣፍ ላይ ጋደም ባለችበት «እማ፣ የቤት ሥራ ነው» ብላ እጇን ያዘቻት።

«በእኛ አገር እኮ» አለችኝ «እንሶስላ ለበዓል ሕፃን የለ አዋቂ የለ፣ ሁሉም እጁንም እግሩንም ያደርገዋል። ምን ክፋት አለው ብዬ ነው። ልጄ እጄን ስትደባብሰኝ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዘመን የለውም። ስነቃ ይሄ ነው። ማታ ሻይ ሳቀርብላቸው ሐጃ እጄን አይተው ፊታቸው ጠቆረ። ‹ባልሽ መጣ?› አሉኝ። አልመጣም አልኳቸው። ‹ታዲያ ይሄ ለማን ነው?› አሉኝ።»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ሱዳን ውስጥ እንዲህ ያለ ጥቁር ሂና የባለትዳር ጌጥ ነው። ሙሽራ ትቀባዋለች። ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ሚስት ትቀባዋለች። ባል የሞተባት አትነካውም፤ ባሏ በሌለበት እንዲህ አጊጣ የታየች ደግሞ ታስወራለች። እናቲቱ ሂና ለሙሽራ መሆኑን ታውቃለች፣ በየሠርጉ ሳህን ስታጥብ አይታለች። ይህን ያህል የሚናገር መሆኑን ግን አላወቀችም፤ ለወሎ ሰው ዓይን ጌጥ ነው፣ አለቀ። ሐጃዋ ያዩት ሌላ ነው። እሳቸው ዘወር ባሉበት፣ በገዛ ግቢያቸው፣ ሠራተኛቸው ለአንድ ወንድ አጊጣለች። «ልጄ ናት የሳለችው» ብትላቸው፣ ይሄን ሕፃን አይሠራውም አሏት። እስከ እሑድ ማታ እውነቱን ትናገር፣ አለዚያ ጓዟን ትያዝ።

በሎሚ አሸችው፤ በአመድ፣ በበረኪና አሸችው። ቆዳዋ ቀላ እንጂ ሂናው አልተነቃነቀም።

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «አንቺ፣ የሚሳልበት ጠፍቶ ነው እናትሽ ላይ የሳልሽው? ሐብሐብ አጣሽ?» አልኳት። ከእኔ ቁጣ ሸሽታ የማታውቅ ልጅ እናቷ ጀርባ ገባች።

«ተነሺ እንሂድ» አልኳት እናቲቱን። የልጅቷን ስዕሎች በሙሉ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ። ርዕሰ መምህሩ «ከሰዓት ክፍል አለሽ እኮ» ሲለኝ «እስክመለስ አንተ አዝናናቸው» ብዬው ወጣሁ።

ሃፍላ በሚሉት ትንሽ አውቶቡስ ተጨናንቀን ድልድዩን ተሻገርን። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ወንዙን ታያለች። እናቲቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ልጇ እንዳትሰማ፣ ስለ ባሏ ነገረችኝ። ሊቢያ ብሎ በሎሪ የወጣው ይቺ ልጅ ገና ጥርስ ስታበቅል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከበረሃው አፋፍ በሰው ሰላምታ ልኮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አብረውት ከሄዱት ውስጥም ደረስኩ ያለ ሰው አላገኘችም።

«ሞቷል ብዬ እንዳላለቅስ መርዶ የነገረኝ የለ» አለችኝ። «አለ ብዬ እንዳልጠብቅ ደግሞ ስንት ዓመት ይጠበቃል?»

«ለእሷስ ምን አልሻት?»

«ይመጣል እላታለሁ። ምን ልበላት?»

የያዝኩትን የስዕል ጥቅልል ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው አዛወርኩት።

የካፉሪ መንገድ ሰፊ ነው፣ አጥሩ ረጅም፣ የሚሄድበት ሰው ጥቂት። ሐጃዋ ቶብ የሚሉትን ነጭ መጎናጸፊያቸውን አጣፍተው ሳሎን ተቀበሉኝ። እኔ ለጠብ ታጥቄ ነበር የሄድኩት። ሱዳኖች ግን እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ ጠብ አይጀምሩም። ጤናዬን ጠየቁኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፣ የአገሬን ዝናብ ሳይቀር ጠየቁኝ። ከዚያ «ለእንግዳዋ የሚጠጣ አምጪ» አሏት፤ ነገ ሊያስወጧት ያሰቧትን ሴት። ግራ እጇ በሻርፕ እንደተጠቀለለ የሎሚ ጭማቂውን በትሪ አቀረበችልን። የተከሰሰች ሴት ዳኛዋንና ጠበቃዋን ስታስተናግድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጭማቂውን ሳልነካ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

ዓረብኛዬ የገበያ ነው። ቲማቲም ለመከራከር ይበቃል፤ የሰው ክብር ለማስመለስ ግን አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ሳልናገር ስዕሎቹን ምንጣፉ ላይ ዘረጋኋቸው። «ሐጃ፣ እነዚህን በሙሉ የሳለችው ይቺ ናት። የቤት ሥራ የሰጠኋትም እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሐጃዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ዚሩን አዩ፣ ማጠፊያውን አዩ፣ ዝገቱን በጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን ተመለከቱት።

«ማሻላህ» አሉ። «ግን ይሄ ከሰል ነው። ሂና ሌላ ነው፤ አንዴ ከወደቀ አይጠፋም፤ ሐናናዎችም ብዙ ዓመት ነው የሚለማመዱት።» ወደ እናቲቱ ዞሩ። «አምጪ እጅሽን።»

እናቲቱ ተንበርክካ እጇን ሰጠቻቸው። ሐጃዋ ከመሃል ጣቷ ጀምረው ሐረጉን በጣታቸው ተከተሉት። «ይሄ የልጄ ሐረግ ነው። የልጄ የሠርግ ሐረግ ነው» አሉ በቅሬታ። እጅጌዋን ወደ ላይ ገፋ አደረጉት። ጣታቸው ቆመ።

«ዳ ሺኑ?» አሉ። ይሄ ምንድን ነው?

እኔም ጎንበስ አልኩ። ከአንጓዋ ከፍ ብሎ፣ በሙሽራዋ እጅ ላይ ትልቁ አበባ በሚፈነዳበት ቦታ፣ አንዲት ሎሪ አለች። ጎማ አላት። ጭነት አላት። ጭነቱ ላይ እንደ ምስር ፍሬ የተደረደሩ የሰው ራሶች አሏት። እጅጌው ሸፍኗት እኔም አላየኋትም ነበር፤ እናቲቱም በድንጋጤዋ ለማንም አላሳየቻትም።

ሐጃዋ ሳቅ አመለጣቸው። «ወላሂ፣ ሴት እጅ ላይ ሎሪ የምትስል ሐናና በዚህ አገር የለችም!» አሉ። እናቲቱን ትከሻዋን መታ አደረጓት። «ሚስኪን፣ በከንቱ ጠረጠርኩሽ። ሥራሽ ላይ ነሽ፣ ልጅሽም እንደ ድሮዋ ትምጣ።» ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳላገኛት ፊቷ የሚመሰክርባት ሴት ምንጣፉ ላይ ግንባሯን ደፋች። እኔ ደግሞ ጭማቂዬን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ስዕሎቹን መጠቅለል ጀመርኩ።

ሐጃዋ ግን ልጅቷን ጠሯት። «ነይ የእኔ ልጅ። ለምን ሎሪ?»

ልጅቷ በዓረብኛ መለሰች። ዓረብኛዋ እንደ አማርኛዋ የተሰባበረ አይደለም፤ አንድም ቃል አልጎደለባት። «ባባ የሄደው በሎሪ ነው። ሲመጣም በሎሪ ነው» አለች። «ሐናናዋ ሴት ሂና የምትቀባው ባሏ ሲመጣ ነው ብላለች። እማ ተቀብታ አታውቅም። ለዚህ ነው ባባ ያልመጣው።»

ሐጃዋ የእናቲቱን እጅ እንደያዙ ቀሩ። እናቲቱ ዓይኗን ከልጇ አልነቀለችም፤ ዓረብኛውን በደንብ ትሰማለች። ልጅቷ የሦስታችንንም ፊት አየችና ያጠፋች መሰላት። ወደ እናቷ ዞራ በዚያች ባልጠነከረች አማርኛዋ ልታስረዳት ሞከረች።

«ሂናው ኸላስ፣ አለቀብኝ፣ እማ። አንድ እጅ ብቻ ሆነ። ሁለት ስላልሆነ ነው እሱ የቀረ።»

አለቀስኩ። ቁጡ ሰው ሲያለቅስ ያስጠላል፣ አፍንጫው ሁሉ ይቀላል፤ ሆኖም አለቀስኩ። ሐጃዋ በቶባቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ከልጃቸው ሠርግ የተረፈ፣ ያልተከፈተ የሂና ቱቦ ይዘው ነበር። ልጅቷ እጅ ላይ አኖሩላት። «ጨርሺው» አሏት።

ደግነታቸው ገብቶኛል። ግን ደነገጥኩ። «ኧረ ተዪ፣ እንዳታስጨርሺያት» አልኳት እናቲቱን በአማርኛ። «ሁለተኛውን እጅ ከሳለች በኋላ ነገ ደጅ ደጁን ስታይ ልትውል ነው። ከነገ ወዲያስ ምን ልትያት ነው?»

እናቲቱ ሰማችኝ። ከምንጣፉ ተነሳችና በዚያ ሳሎን ስትወለውለው እንጂ ተቀምጣበት የማታውቀው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ልጇን ጎትታ በጉልበቶቿ መሃል አቆመቻት።

«ስሚኝ» አለቻት። «አባትሽ ይምጣ አይምጣ እኔ አላውቅም። ይመጣል የምልሽ እንዲመጣ ስለምፈልግ ነው። ሁለቱን እጄን ብቀባ፣ እግሬን ብቀባ፣ ሂና ሰው አያመጣም። የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ የአንድ እጅም ጉዳይ አይደለም። ገባሽ?»

ልጅቷ ቱቦውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። «ልተወው?» አለች።

እናቲቱ ግራውን ስታሽ በረኪና ያቀላውን ቀኝ እጇን ዘረጋችላት።

«ለምን ትተዪዋለሽ? እኔ አለሁ አይደል? ለእኔ ሳዪልኝ።»

ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የእናቷን እጅ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። የቱቦውን ጫፍ በጥርሷ ከፈተች። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«ምን ልሳል?»

«እኔ ላይ የሚያምረውን።»